የቤትና የቦታ ስፋት መለኪያዎች ንጽጽር፦ በየትኛው ቁጥር ተማምኖ መግዛት ይሻላል?

በአዲስ አበባ የአፓርታማ ገበያ ሁለት ሻጮች እኩል “120 ካሬ” ብለው ያቀረቧቸው ቤቶች፣ ገብቶ ሜትር ለዘረጋ ሰው አንዱ 88፣ ሌላው ከ100 በላይ ካሬ ሜትር ወለል ሊሆኑበት ይችላሉ፤ ሆኖም ከሻጮቹ አንዳቸውም አልዋሹ ይሆናል። አንደኛው ከደረጃው፣ ከአሳንሰሩና ከኮሪደሩ ለቤቱ የተመደበውን ድርሻ ጨምሮ ቆጥሯል፤ ሌላኛው ከበሩ ውጭ ያለውን አልነካም። ገዢው ግን ሁለቱን በአንድ ዋጋ መዝገብ ጎን ለጎን ጽፎ “የካሬው ዋጋ የትኛው ይረክሳል?” ብሎ ይወስናል። በዚህ ላይ ከዋሽንግተን የሚደውል ወንድም በስኩዌር ፊት ሲያሰላ፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ደግሞ በጥማድ ሲናገር ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል።

ይህ መመሪያ አልሚዎችን ወይም ሰፈሮችን አያወዳድርም። የሚያወዳድረው ገዢ በየዕለቱ የሚያጋጥሙትን የስፋት መግለጫዎች ነው፦ በካርታ (በይዞታ ማረጋገጫ ሰነድ) ላይ የተጻፈውን የቦታ ስፋት፣ የአፓርታማ ግሮስና ኔት ስፋትን፣ በመኝታ ክፍልና በቆርቆሮ ብዛት የሚነገረውን፣ ጥማድንና ጋሻን፣ እንዲሁም በውጭ አገር የተለመዱትን ስኩዌር ፊት፣ ኤከርና ዱናምን።

በቅድሚያ መመዘኛዎቹ

አንድ የስፋት ቁጥር ለግዢ ውሳኔ ይበቃ እንደሆነ ለመለየት አራት ጥያቄዎች በቂ ናቸው። የመጀመሪያው መለኪያው ከቦታ ቦታ የማይለዋወጥ፣ ቁርጥ ያለ ነው ወይ የሚለው ነው፤ ካሬ ሜትር ጎንደርም ሐዋሳም አንድ ነው፣ ጥማድ ግን አይደለም። ሁለተኛው ልኬቱ ከየት እስከ የት ነው የሚለው ሲሆን፣ ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ የተለካና በውስጥ ከልስን እስከ ልስን የተለካ ቤት አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጡም። ሦስተኛው ቁጥሩ በየትኛው ሰነድ ላይ ሰፍሯል የሚለው ነው፤ በማስታወቂያ ላይ ያለ ስፋትና በይዞታ ማረጋገጫ ላይ ያለ ስፋት በክርክር ጊዜ እኩል አይመዝኑም። አራተኛው ገዢው ራሱ ወይም የቀጠረው ባለሙያ ለክቶ ሊያረጋግጠው ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ዋጋን እዚህ ዝርዝር ውስጥ ያላስገባሁት አውቄ ነው። ዋጋ ትርጉም የሚኖረው አራቱ ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ “ካሬው በስንት?” የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል።

በካርታ ላይ የተጻፈው የቦታ ስፋት

ለመሬት ጉዳይ ከሁሉም የጠነከረው ቁጥር ይህ ነው። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት ስለማይሸጥ ስለማይለወጥ፣ በከተማ “ቦታ ገዛሁ” የሚል ሰው በሕግ ዓይን የገዛው በቦታው ላይ ያረፈውን ቤት ነው፤ የሚተላለፍለትም የሊዝ ወይም የነባር ይዞታ መብት ነው። የመብቱ ወሰን ደግሞ በይዞታ ማረጋገጫው ላይ የተጻፈው ስፋት እንጂ አጥሩ የከበበው ግቢ አይደለም። አጥሩ 260 ካሬ ሜትር ከብቦ ካርታው 200 የሚል ከሆነ፣ ሻጩ ሊያስተላልፍ የሚችለው 200ውን ነው፤ ቀሪው 60 በመንግሥት ተቀባይነት አግኝቶ ካርታ ውስጥ እስካልገባ ድረስ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም። በየሰፈሩ የሚሰማው “ትርፉን በነፃ ነው የሰጠሁህ” የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ በዋጋው ውስጥ የተደመረ ስጦታ ነው።

በዕድሜ የገፉ ግቢዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቁጥር መታየቱ አጋጣሚ አይደለም፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የፈቀደው ጣሪያ 500 ካሬ ሜትር ነበር። ከአዋጅ ቁጥር 721/2004 ወዲህ የሚተላለፈው የሊዝ ቦታ ለመኖሪያ የ99 ዓመት ዘመን ያለው ሲሆን፣ ክፍያውም በካሬ ሜትር ስለሚሰላ ስፋቱ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ቀሪው የሊዝ ዕዳ ላይም አብሮ ይገባል።

የካርታው ሌላ ጥቅም የማዕዘኖቹን ኮኦርዲኔት መያዙ ነው። ማንኛውም ቀያሽ ከእነዚያ ቁጥሮች ስፋቱን መልሶ ማስላት ይችላል። በስልኩ ካርታ ላይ ኮኦርዲኔቱን አስገብቶ “ቦታው ሌላ ሰፈር ላይ ወደቀ” ብሎ የሚደነግጥ ሰው ግን ይረጋጋ፦ የአዲስ አበባ ካርታዎች በተለምዶ አዲንዳን የሚባለውን የመነሻ ሥርዓት ሲከተሉ፣ የስልክ ጂፒኤስ ሌላ ሥርዓት ስለሚጠቀም፣ ሳይቀየር የገባ ነጥብ ከ200 ሜትር በላይ ሊርቅ ይችላል። የቦታው ስፋት ግን በዚህ አይለወጥም።

ካርታ በእጅ ባይኖርም ሜትርና ቀላል ሒሳብ ብዙ ያሳያሉ። ደላሎች አራት ማዕዘን ቦታን የሚያሰሉት ትይዩ ጎኖችን በአማካይ ወስደው በማባዛት ነው፤ ይህ ስሌት ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ሲሆኑ ትክክል ሲሆን፣ ቦታው ሲያጋድል ግን ሁልጊዜ አብዝቶ ይቆጥራል። “12 በ20” የተባለ ቦታ እንውሰድ። ተባዝቶ 240 ይሆናል። አሁን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ሰያፉ ይለካ። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ቢሆኑ ሰያፉ 23 ሜትር ከ32 ሳንቲ መሆን ነበረበት። ሜትሩ 28 ካነበበ ቦታው ያጋደለ ነው። ቦታውን ሰያፉ ላይ በሁለት ሦስት ማዕዘን እንክፈለው፤ የእያንዳንዱ ጎኖች 12፣ 20 እና 28 ናቸው። ጎኖቹ ተደምረው 60፣ ግማሹ 30 ይሆናል። ከ30 ላይ እያንዳንዱን ጎን ስንቀንስ 18፣ 10 እና 2 እናገኛለን፤ 30 በ18 በ10 በ2 ሲባዛ 10,800 ይሆናል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት ወደ 103.9 ነው። ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች ተደምረው 207.8 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናሉ። ከተባለው 240 ላይ 32 ካሬ ሜትር ጠፋ ማለት ነው፤ አራቱም ጎኖች ግን ልክ እንደተባሉት ናቸው። ሰያፍ ሳይለካ የተሰላ ስፋትን ማመን አይገባም የምለው ለዚህ ነው።

ይህም ሆኖ የካርታው ስፋት የማይነግረን ነገር አለ። 200 ካሬ ሜትር ቦታ 200 ካሬ ሜትር ቤት አይሠራበትም፤ ከአጥር መሸሽ ያለበት ርቀት፣ በግንባታ ሊሸፈን የሚፈቀደው የቦታው ድርሻ፣ እንዲሁም በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ለመንገድ የተያዘ ቁራጭ አለ። ፕላኑን ከወረዳ ወይም ከክፍለ ከተማ ሳያጣሩ ግቢውን ብቻ ዐይቶ መዋዋል፣ በኋላ “ፊት ለፊቱን መንገድ ይወስደዋል” የሚል ዜና ያመጣል። በተጨማሪ “በ200 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ+2” በሚል ማስታወቂያ ውስጥ 200ው የቦታው እንጂ የቤቱ ስፋት እንዳልሆነ ልብ ማለት ያሻል፤ ቤቱ በየወለሉ 110 ካሬ ሜትር ከሆነ የግንባታው ስፋት 330 ነው፣ ሁለቱም ቁጥሮች በውሉ ላይ ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

የአፓርታማ ግሮስና ኔት

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። አፓርታማ የሚሸጥባቸው ስፋቶች ቢያንስ ሦስት ናቸው። ግሮስ የሚባለው የቤቱን ስፋት ከነግድግዳው ወስዶ በላዩ የጋራ መጠቀሚያዎችን ድርሻ ይጨምራል። ከነግድግዳው የተለካው የቤቱ ስፋት ሁለተኛው ነው፤ አንዳንድ ሻጮች ኔት የሚሉት ይህንን ነው። ሦስተኛው በውስጥ ከልስን እስከ ልስን የሚለካው፣ አልጋና ሶፋ የሚቀመጥበት ወለል ነው፤ ሌሎች ሻጮች ደግሞ ኔት የሚሉት ይህንን ነው። ስለዚህ “ኔቱ ስንት ነው?” ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ “ግድግዳው ገብቷል? በረንዳው ገብቷል?” የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች መከተል አለባቸው።

ግድግዳ ትንሽ ነገር ይመስላል። በውስጥ 4 በ5 ሜትር የሆነች፣ 20 ካሬ ሜትር የምትባል ክፍል፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ተከብባ ከውጭ ብትለካ 4.4 በ5.4፣ ማለትም 23.76 ካሬ ሜትር ትሆናለች፤ ልስኑ ገና አልተቆጠረም። የውስጥ ግድግዳዎች ቀጠን ያሉ ስለሆኑና ከጎረቤት ጋር የሚጋሩትም ስላሉ ልዩነቱ በሙሉ ቤት ላይ በዚህ መጠን አይሰፋም፣ ሆኖም ከውጭ የተለካ ቁጥርን ከውስጥ ከተለካ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድል ያደርጋል።

የጋራው ድርሻ ደግሞ ከሕንፃ ሕንፃ በጣም ይለያያል። በአንድ ወለል ላይ ሁለት ቤት ብቻ ያለው፣ ሁለት አሳንሰርና ሰፊ መግቢያ ያለው ሕንፃ ለእያንዳንዱ ቤት ብዙ የጋራ ስፋት ይጭናል፤ በአንድ ኮሪደር ስምንት ቤት የሚያስተናግደው ግን በጥቂቱ ያልፋል። ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ሰፊ ደረጃና በቂ አሳንሰር ገንዘብ ይወስዳሉ፣ ኑሮንም ያቀላሉ። ቅር የሚያሰኘው ድርሻው በቁጥር ሳይነገር ሲቀር ነው። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አስተሳሰብም ለብቻ የሚያዘው ቤቱ ሲሆን፣ ደረጃ፣ ጣሪያና ኮሪደር በጋራ የሚያዙ ናቸው፤ ማንም ገዢ የኮሪደሩን ድርሻ ቆርጦ ቤቱ ውስጥ ሊያስገባው አይችልም።

ልዩነቱ በዋጋ ላይ የሚያመጣውን ለማየት ለስሌት የሚመቹ ቁጥሮች እንውሰድ። ቤት ሀ በግሮስ 120 ካሬ ሜትር፣ በካሬው 90,000 ብር፣ በድምሩ 10,800,000 ብር ነው። ቤት ለ በግሮስ 105 ካሬ ሜትር፣ በካሬው 100,000 ብር፣ በድምሩ 10,500,000 ብር ነው። በወረቀት ላይ ቤት ሀ ሰፊም ርካሽም ነው፤ በ300,000 ብር ጭማሪ 15 ካሬ ሜትር የተገኘ ይመስላል። ከልስን እስከ ልስን ሲለኩ ግን ቤት ሀ 88፣ ቤት ለ 92 ካሬ ሜትር ሆኑ እንበል። የኔት ካሬው ዋጋ በሀ ወደ 122,700፣ በለ ወደ 114,100 ብር ይሆናል ማለት ነው። ውድ ይመስል የነበረው ቤት ሰፍቶም ረክሶም ተገኘ። ለዚህ ነው አፓርታማዎችን ማወዳደር የሚገባው ጠቅላላ ዋጋን ለውስጥ ወለል በማካፈል ብቻ ነው ብዬ የማምነው፤ አልሚው የሚሰጠው “የካሬ ዋጋ” ለድርድር መነሻ ይሁን እንጂ ለውድድር አይሆንም።

በረንዳ ለብቻው ተለክቶ ለብቻው ይጻፍ። አንዳንዱ አልሚ በሙሉ፣ አንዳንዱ በግማሽ ይቆጥረዋል፤ የመኪና ማቆሚያና የዕቃ ማከማቻ ደግሞ አንዳንዴ በስፋቱ ውስጥ፣ አንዳንዴ በተለየ ዋጋ ይመጣሉ።

ገና በፕላን ላይ ያለ ቤት ሲገዛ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፦ ሲረከቡት ስፋቱ ቢለወጥስ? በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ በ40/60 የቁጠባ ቤቶች ፕሮግራም የተነገሩት ስፋቶች 55፣ 75 እና 100 ካሬ ሜትር ሲሆኑ፣ በአንዳንድ ሳይቶች የተጠናቀቁት ቤቶች ከዚያ ሰፍተው በመገኘታቸው የልዩነቱ ክፍያ ማከራከሩ ይታወሳል። ቤት ሲሰፋ ደስ የሚለው ተጨማሪ ክፍያ እስኪጠየቅ ድረስ ነው። ስለዚህ በውሉ ላይ ሦስት ነገር ይስፈር፦ ስፋቱ ግሮስ ወይም ኔት መሆኑ ከነአለካኩ፣ ያለ ዋጋ ማስተካከያ የሚፈቀደው ልዩነት በመቶኛ ስንት እንደሆነ፣ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ቢጎድል ተመላሽ፣ ቢበልጥ ተጨማሪ ክፍያ በምን ዋጋ እንደሚሰላ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለሚያዝ፣ በሽያጭ ቢሮ በቃል የተነገረ ስፋት ብዙም አያዋጣም።

በመኝታ ክፍልና በቆርቆሮ ብዛት

“ባለ ሁለት መኝታ” የቤቱን አሠራር እንጂ ስፋቱን አይናገርም፤ 55 ካሬ ሜትርም 110 ካሬ ሜትርም ባለ ሁለት መኝታ ይሆናሉ። ቤት ለመፈለግ ይጠቅማል፣ ለዋጋ አይጠቅምም።

በገጠርና በትንንሽ ከተሞች “የ60 ቆርቆሮ ቤት” ሲባል የሚለካው ጣሪያው ነው። አንድ ቆርቆሮ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖረውም፣ ከጎረቤቱ ጋር ከተደራረበው ሲቀነስ የሚሸፍነው ከ1.5 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ከዚያ ላይ ከግድግዳው ውጭ የወጣው ክፈፍና የጣሪያው ተዳፋት ሲቀነሱ፣ የወለሉ ስፋት ከጣሪያው ያንሳል። ስለዚህ 60 ቆርቆሮ ቢበዛ 90 ካሬ ሜትር ጣሪያ ነው፤ የወለሉን ስፋት ግን ወርድና ርዝመቱን መለካት እንጂ በቆርቆሮ መገመት አያስፈልግም። ለጣሪያ ወጪ ግምት ግን ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም።

ጥማድ፣ ቀርጥ፣ ጋሻና ሄክታር

ጥማድ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በሬ ደግሞ በመረሬና በቀይ አፈር፣ በሜዳና በተዳፋት እኩል አያርስም፤ ስለዚህ ጥማድ ሲጀመርም የሥራ እንጂ የመሬት መለኪያ አልነበረም። ዛሬ በብዙ አካባቢ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይቆጠራል፣ ማለትም አንዱ 2,500 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በሸዋ የሚሰማው ቀርጥም ከሄክታር ሩብ ጋር ይቀራረባል። ጋሻ እንደ መሬቱ ለምነት ቢለያይም በአማካይ ወደ 40 ሄክታር ይገመታል፤ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 ለአንድ አራሽ ቤተሰብ ያስቀመጠው የ10 ሄክታር ጣሪያ በቀድሞው አነጋገር ሩብ ጋሻ ነበር።

የእነዚህ መለኪያዎች ድክመት ሰውየው ሲያከራይ አንድ፣ ሲከራይ ሌላ ጥማድ ሊኖረው መቻሉ ነው። የገጠር መሬት ስለማይሸጥ ጥያቄው በተግባር የሚነሳው በኪራይና በውርስ ክፍፍል ላይ ነው። የመጀመሪያው ዙር የይዞታ ደብተር ስፋቱን በገመድ ወይም በግምት ያሰፈረ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ግን በአየር ፎቶና በጂፒኤስ ተለክቶ ከነካርታው ይሰጣል። ሁለቱ ሲለያዩ የኋለኛው ይሻላል። መሬት የሚከራይ ሰው “አምስት ጥማድ” ብሎ ከመፈራረም ይልቅ በሄክታር የተጻፈውን ቁጥር ወስዶ ወሰነተኞቹን በስም ቢያስጠቅስ ይጠቅመዋል።

በከተማ ዳርቻ “የገበሬ ይዞታ” በጥማድ ወይም በካሬ ተቆርሶ ሲቀርብ ግን ጉዳዩ የመለኪያ መሆኑ ያበቃል። ስፋቱ እስከ ሳንቲ ሜትር ትክክል ቢሆን እንኳ የሚተላለፍ መብት የለም፤ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዡ ውስጥም አላስገባሁትም።

ስኩዌር ፊት፣ ኤከርና ዱናም

ስኩዌር ፊት ቁርጥ ያለ መለኪያ ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር 10.76 ስኩዌር ፊት ሲሆን አንድ ስኩዌር ፊት 0.0929 ካሬ ሜትር ነው። በጭንቅላት ለማስላት አንድ ዜሮ ቆርጦ ከቀሪው ላይ ሰባት በመቶ መቀነስ ይበቃል፦ 1,500 ስኩዌር ፊት 150 ይሆናል፣ ከዚያ ሰባት በመቶው 10.5 ሲቀነስ 139.5፤ ትክክለኛው 139.35 ነው። የተለመደው ስሕተት አንድ ፊት 30.48 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ይዞ 1,500ን በ0.3048 ማባዛት ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው 457 ካሬ ሜትር የሚያክል ቤተ መንግሥት ያገኛል። ርዝመት በአንድ ጊዜ፣ ስፋት ግን በሁለት ጊዜ ይባዛል። ዋጋ ሲቀየር አቅጣጫው ይገለበጣል፦ በስኩዌር ፊት 250 ዶላር የሆነ ቤት በካሬ ሜትር 2,691 ዶላር ነው።

በአሜሪካ ለሚገዛ ሰው ዋናው ጥያቄ ቅየራው ሳይሆን ቤዝመንቱ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ወለል ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ወገኖቻችን የሚገዟቸው ቤቶች የተጠናቀቀ ቤዝመንት አላቸው። የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው የአሜሪካ ተቋም ፋኒ ሜ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ የቤት ዋጋ ገማቾች እንዲከተሉት ባደረገው፣ አንሲ በሚባለው የአሜሪካ የደረጃ መለኪያ መሠረት፣ በከፊልም ቢሆን ከመሬት በታች ያለ ወለል ከዋናው ስፋት ተለይቶ ይጻፋል፤ የክፍል ከፍታም በመሠረቱ ሰባት ፊት መድረስ አለበት። ስለዚህ በማስታወቂያ 2,400 ስኩዌር ፊት የተባለ ቤት 800ው ቤዝመንት ከሆነ፣ በገማቹ ወረቀት ዋናው ስፋት 1,600 ማለትም 149 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ቤዝመንቱ ዋጋ አለው፣ ሆኖም ከላይኛው ወለል ጋር እኩል ዋጋ አይሰጠውም። ሌላው ልዩነት የተናጠል ቤት ከውጭ ግድግዳ ሲለካ፣ የኮንዶ አፓርታማ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ መለካቱ ነው።

ኤከር 43,560 ስኩዌር ፊት ወይም 4,047 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ሄክታር 2.47 ኤከር ይሆናል። ሩብ ኤከር ግቢ የለመደ ሰው 1,012 ካሬ ሜትር እንደለመደ ቢያውቅ፣ አዲስ አበባ ላይ “200 ካሬ” ሲባል ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አስቀድሞ ይገባዋል። በእስራኤል መሬት በዱናም ይለካል፤ አንድ ዱናም 1,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ አሥሩ ሄክታር ነው። አፓርታማው ግን በክፍል ብዛት ይነገራል፣ ሳሎኑም እንደ ክፍል ይቆጠራል፤ አርኖና (የማዘጋጃ ቤት ግብር) የሚከፈልበት ስፋትና በታቡ (በመሬት መዝገብ) የተመዘገበው ስፋትም ላይገጥሙ ይችላሉ። በዱባይ ስኩዌር ፊት፣ በሳዑዲ ካሬ ሜትር የተለመደ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መለኪያ | በካሬ ሜትር | ቁርጥ ነው? | የሚገኝበት ሰነድ | በራስ ማረጋገጥ | የሚጠቅመው ለ |
|---|---|---|---|---|---|
| የካርታ ስፋት | በቀጥታ | አዎ | የይዞታ ማረጋገጫ | በሰያፍ ልኬት ወይም በቀያሽ | ቦታና ግቢ ቤት |
| ግሮስ | በቀጥታ፣ የጋራ ድርሻ አለበት | መለኪያው አዎ፣ ይዘቱ አይደለም | የሽያጭ ውል | ከባድ | ለድርድር መነሻ |
| ከልስን እስከ ልስን | በቀጥታ | አዎ | ውሉ ላይ ከተጻፈ | ቀላል | አፓርታማ ለማወዳደር |
| መኝታ ክፍል | የለውም | አይደለም | ማስታወቂያ | በዓይን | ለፍለጋ |
| ቆርቆሮ | ቢበዛ 1.5 ጣሪያ | አይደለም | የለም | በመቁጠር | ለጣሪያ ወጪ |
| ጥማድ፣ ቀርጥ | ወደ 2,500 | አይደለም | የቀድሞ ደብተር | ከባድ | ለግምት ብቻ |
| ጋሻ | ወደ 400,000 | አይደለም | የቆዩ ሰነዶች | ከባድ | ለታሪክና ለውርስ ጉዳይ |
| ሄክታር | 10,000 | አዎ | ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ | በጂፒኤስ | የእርሻ ኪራይ |
| ስኩዌር ፊት | 0.0929 | አዎ | የገማች ወረቀት | ቀላል | በአሜሪካና በዱባይ |
| ኤከር | 4,047 | አዎ | የውጭ አገር ምዝገባ | በቀያሽ | ሰፊ ግቢና እርሻ |
| ዱናም | 1,000 | አዎ | ታቡ | በቀያሽ | በእስራኤል መሬት |

ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ለኮንዶሚኒየም ብቻ የሚበቃ ገዢ ድካሙን በሙሉ በውስጥ ልኬት ላይ ያውለው። ተሠርቶ ሰው የሚኖርበትን ቤት ስለሚገዛ፣ ባለ አምስት ሜትር መለኪያ ይዞ እያንዳንዱን ክፍል ወርድና ርዝመት መለካት ይችላል፤ ኤል ቅርጽ ያለውን ሳሎን በሁለት ከፍሎ ይለካ፣ የወጣ ኮለን ካለ ይቀንስ። ሲደመር የሚመጣው ከሰነዱ በጥቂቱ ቢያንስ ግድግዳው ነው፤ በብዙ ቢያንስ ሰነዱ የሌላ ቤት ዓይነት እንዳይሆን ያጣራ።

በፕላን ላይ ያለ አፓርታማ በየዙሩ ከፍሎ የሚገዛ ሰው የሚለካው ነገር የለውም፣ ስለዚህ ኃይሉ ውሉ ላይ ነው። የወለል ፕላኑ ከነልኬቶቹ የውሉ አባሪ ሆኖ ይፈረምበት፤ የጋራው ድርሻ በመቶኛ ይጻፍ። አልሚው ይህን ቁጥር ለመጻፍ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያማልል፣ እኔ ብሆን ሌላ እፈልግ ነበር።

ቤት ሊሠራ ቦታ ያለበትን አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው ለቀያሽ የሚከፍለውን እንደ ወጪ አይቁጠረው። 32 ካሬ ሜትር የጎደለበት የዚያ ያጋደለ ቦታ ምሳሌ በየትኛውም ክፍለ ከተማ ዋጋ ቢሰላ፣ የቀያሹን ክፍያ ብዙ እጥፍ ይሸፍናል። ከቀያሹ ጋር አብሮ የአካባቢ ልማት ፕላኑንና የተፈቀደውን የግንባታ ድርሻ ያጣራ፤ ለባለ ጠባብ በጀት 150 ካሬ ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ፣ መንገድ ከሚቆርሰው 200 ካሬ ሜትር ይሻለዋል።

ከውጭ አገር ሆኖ በቪዲዮ ጥሪ የሚገዛ ሰው፣ ቤቱን የሚያሳየው ዘመድ ካሜራውን ከመስኮቱ ወደ መስኮቱ ከሚያዞር ይልቅ የሌዘር መለኪያ ይዞ የየክፍሉን ሁለት ጎን ንባብ በካሜራው ፊት እንዲያሳይ ይጠይቅ። ሁሉንም በካሬ ሜትር ይመዝግብ፣ ወደ ስኩዌር ፊት የሚቀይረው ለራሱ ግንዛቤ ብቻ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ውክልናውና ውሉ ላይ የሚገባው ቁጥር የካርታው ካሬ ሜትር ነው። የወኪሉ ሥልጣንም ከዚያ ስፋት ያነሰ ቤት ወይም ቦታ እንዳይቀበል ተብሎ በውክልናው ላይ ሊገደብ ይችላል።